ብርድ የጠጣ ዓይን

ኪሩና ላይ ፀሐይ ወር ሙሉ አትወጣም፤
ንጋት ያሉት እንግዳ በታኅሣሥ አይመጣም።
ከጥዱ ጫካ ወዲያ፣ ከብረቱ ማማ ሥር፣
ሮኬቷ ቆማለች፣ ቀጭን ናት እንደ ጦር።

አፍንጫዋ ውስጥ አለ የእኔ ሥራ፦ አንድ ዓይን፣
ብርሃን የማይፈልግ፣ የማያይ ቀለምን።
ሙቀት ነው የሚያየው፦ ቀን ያጠራቀመውን፣
አየር ሌሊት ሌሊት ለባዶ የሚሰጠውን።

ታዲያ ግን ይህ ዓይን እሱ ራሱ ከሞቀ
የገዛ ትኩሳቱን እያየ አለቀ።
የሌላውን ሙቀት ሊለካ የወደደ
ያውቃል፣ እስከ አጥንቱ ቀድሞ ከበረደ።
ስለዚህ ፈሳሹን ሂሊየም አጠጣሁ፤
ሦስት ሌት አጠገቡ ቁጭ ብዬ አነጋሁ።
አነጋሁ ማለቴ፣ ንጋት በሌለበት፣
ሰዓት ሲደውል ነው ቀኑ የሚነጋበት።

አምና እምቢ አለ ክዳኑ፤ ልፋት ሆነ ጣጣ፤
ዓይኑን እንደ ጨፈነ ሰማይ ደርሶ መጣ።
ኦስሙንድ አንድም ቃል ሳይወጣው ከአፉ
ብሎኑን ቆጠረ፣ ከጫፍ እስከ ጫፉ።

አሥር።
ኦስሙንድ ጣቱን ነከሰ።
ሦስት።
ከኋላ አንድ ሰው አስነጠሰ።
ከዚያ ብርሃን ቀደመ፣ ድምፅ ኋላ ተከተለ፤
በረዶው ቀላና ጥዱ ጥላ አበቀለ።

ዕድሜው ስድስት ደቂቃ። ክዳኑ ተከፈተ!
መስመሩ ስክሪን ላይ ተነሣ፣ ዋተተ፤
ሰማንያ ኪሎ ሜትር ላይ ቁልቁል አለ፤ መቶ ላይ
አበጠ እንደ ቁስል፣ ያልጠበቅነው ጉዳይ።
«ምንድን ነው?» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ፤
ፈገግታው ግን መጣ፣ እስከ ጆሮው ዘለቀ።

በማግሥቱ ማህቴ፣ አጋዘን የሚያግደው
የሳሚው ሽማግሌ፣ ዓይናችንን አወረደው፣
ከበረዶ ፈልፍሎ፣ በገመድ ጠፍሮ።
«ይህን ስትተኩሱ መንጋዬ ይበተናል፤
ለመሆኑ» አለኝ «ወጥቶ ምን አይቷል?»
«ሰማይ» አልሁት «ሙቀት ለጨለማ ሲያድል።»
ሳቀ። «ደመና የሌለ ለት አጋዘንም ያውቃል፤
ተጠጋግቶ ይተኛል፣ እግሩን ከሆዱ ሥር።»

ልክ ነው። «ግን ስንት?» ነው የእኔ ሙሉ ሙያ፤
ዲግሪን በመቶ ከፍሎ፣ ያንንም ከዚያ ወዲያ።

ፓራሹቱን ለመነኝ፣ ለበረዶ ጋሪው ሽፋን፤
ሰጠሁት። ሲሄድ አየሁ ከአፉ የሚወጣውን፦
ነጭ ትንፋሽ፣ ላፍታ፣
ወደ ላይ።

ስንት?