ቁናዬ

በቢቸና ገበያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣
ጤፍ እሸጥ ነበረ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ።
ቁናዬ መልከኛ፣ ከአክርማ የተሰፋች፣
ለሚያያት ባዶ ናት፣ ለእኔ አርግዛለች፤
ሁለት ጣት የሚያህል ሰም ከሥሯ ለጥፌ፣
ከአፏ እየሞላሁ፣ ቤት ሠራሁ አትርፌ።
ሰሙ ከቁናው ሥር፣ ወርቁ ከኪሴ ውስጥ፣
ቅኔ ያልተማርሁ ሰው፣ ሰው በቅኔ ስሸጥ።

«በሰፈሩት ቁና…» ሲሉ እየሰማሁ፣
ለሌላ ነው ብዬ መስፈሬን ቀጠልሁ።

ሐምሌ ላይ ነው እንግዲህ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
የውብዳር መጣች፣ ሁለት ልጆች ጋራ።
ጤፏን ቋጠረችና፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሥታ፣
«እንደሰፈርህልኝ ይስፈርልህ ጌታ።»

ምርቃት ነበረ።
የእኔ ምራቅ ደረቀ።
ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ሌሊቱ ዐለቀ።

መምሬ አንለይ ንስሐዬን ሰምተው፣
አልተቆጡም፤ ዝም አሉ፣ ጢማቸውን ይዘው።
«ሰሙን ፍቀህ አውጣ፤ ጧፍ አድርገህ አብራ፤
ጤፉን ግን መልስላት፣ ሰው በሞላበት ስፍራ።»

ፍልሰታ ገባና፣ ባዶ ሥሯን ይዤ፣
ቆምሁ ከየውብዳር ፊት፣ እንደ ጉቶ ፈዝዤ።
ሰፈርሁላት፣ ሞላ። ጨመርሁ፣ ፈሰሰ።
ሰዉ ሹክሹክ አለ፤ ስሜ ረከሰ።
እሷ ግን አየችኝ፤ ምንም አልተናገረች፤
ከቁናው አናት ላይ በሁለት እጇ ዘገነች፣
ጋቢዬን ገልጣ፣
«ለልጆችህ» አለች።

በራሴ ቁና መሰፈር ነበረ የጠበቅሁት፤
ቁናስ አልመጣም፤
እፍኝ ነው ያገኘሁት።

ማታ በጊዮርጊስ ደጅ ያ ሰም ቀልጦ ሲያልቅ፣
ቆሜ አየዋለሁ፣ ወርቁን ገና ሳላውቅ።