«ና» ብቻዋን አትቆምም

ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ፣
ጠመኔው በላቤ ርሶ ከጣቴ ሸርተት ሲል፣ ሲወጣ፣
«መስተጻምር» ብዬ ጻፍሁ፣ በትልልቁ፣ አድምቄ፤
አርባ ስምንት ልጆች አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው፣ ስቄ።

«ቲቸር፣ ይበላል?» አለ አንዱ፣ ከወደ ኋላ ወንበር፤
የድሬ ልጅ ነው፣ ምን ይደረግ፤ ሳያሾፍበት አያድር።
«አይበላም፤ ያገናኛል» አልሁ፤ «ከሠፈራችሁ ጀምሩ፤
መጋላ ወዲያ፣ ከዚራ ወዲህ፤ ያለ ድልድይ እንዴት ይኖሩ?»
«በአሸዋው ነዋ!» አለች ኢፍቱ፤ «ደቻቱ ውሃ የለው፤
ፍየሉም በዚያ፣ ባጃጁም በዚያ፤ ድልድዩ ለጌጥ ነው።»

«ውሃው የመጣ ለታስ?» አልሁ።
ክፍሉ ጸጥ።
ቆርቆሮው ብቻ ጧ አለ።
ደቻቱ በሌሊት ሲመጣ ያልሰማ ልጅ
እዚህ ክፍል ውስጥ የት አለ?

እንዲህ ተጀመረ ትምህርቱ።
ተማም ቶሎ እጁን አወጣ፤ «ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ይለቀቅ!»
«"ስለዚህ"ህ ልክ ነው» አልሁት፤ «ደወሉ ግን ገና ነው፤ ጠብቅ።»
ረምላን ልፈትናት ብዬ «ሳንቡሳ ወይስ ሙሸበክ?» ብላት፣
«ሳንቡሳና ሙሸበክ» አለች፤ ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።

«አያችሁ? ይቺ "ና" ትንሽ ናት፤ ብቻዋን ግን አትቆምም፤
ካለፈው ቃል ጭራ ትለጠፋለች፤ በዚያው አትቀርም፤
የጅቡቲ መኪና ከተሳቢው በመንጠቆ እንደሚያያዝ፣
እሷም አንዱን ቃል ይዛ፣ ሌላውን ልትይዝ…»

ሮብሌ ቀና አለ።
«ተሳቢ» ለሱ ሰዋስው አይደለም፤
አቧራ ነው፣ ናፍጣ ነው፣ አሥራ ስምንት ጎማ ነው፤
ከደወሌ ማዶ የቀረ ጥሩምባ ነው።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው? «ና» አደን ወጡ ባንዴ፤
«መኪና ውስጥ አለች!» «ጤና ውስጥ አለች!» «ገና ውስጥስ? አለች እንዴ?»
«እነዚያ የቃሉ የራሱ ናቸው፤ ምንም አያገናኙ» አልሁ፤
«በ"ና" አንድ ዓረፍተ ነገር!» ብዬ፣ ሲደወል ደብተር ሰበሰብሁ።

ማታ፣ ቬንትሌተሩ አንገቱን እያዞረ ገጹን ሲያርገበግብ፣
ልጅ ምኑን ከምኑ እንደሚያጣምር አንድ ባንድ ሳነብ፦
«ሻሂና ሳንቡሳ።»
«ኢፍቱና እኔ ተጣልተን ነበር።»
«ባቡርና ሐዲድ ነበሩ፤ ባቡሩ ሄደ፣ ሐዲዱ ቀረ።»
«አክስቴና ኮንትሮባንድ…» (እሱን እንዳላየሁ ሆኜ፣
ራይት አድርጌ አለፍሁ፣ የሠፈሩን ሰው አምኜ።)

የሮብሌ ደብተር። አንድ መስመር፦

አባቴ ና

ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ።
ስሕተት አንድ፦ «ና» ከቃሏ ተነጥላለች።
ስሕተት ሁለት፦ ከኋላዋ ማንም የለም።
ስሕተት ሦስት፦ አራት ነጥብ…

እጄ እንደተነሳ፣ ከንፈሬ ብቻውን አነበበው፤
ድምፅ ሳላወጣ ደገምሁት።
አባቴ፣ ና።

ከደወሌ ወዲያ ከሄደ ሁለት ረመዳን አልፎታል፤
እናቱ ልታስመዘግበው መጥታ «መንገድ ላይ ነው» ብላኛለች።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይቺን ፊደል ሳስለጥፍ ኖሬ፣
ከሩቅ ሰው እንደምትጠራ ረስቻት ነው እስከ ዛሬ።
ራይት አላልሁም። ኤክስ አላልሁም።
እስክሪብቶው ካፉ ደረቀ።

ጠዋት፣ ሰልፉ ሳይበተን መጣ፤ ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ።
«ቲቸር፣ ልክ ነኝ?»

«ልክ ነህ፤ ግን» አልሁና
ከ«ግን» በኋላ የሚገባውን፣
ከቤት ይዤው የወጣሁ የመሰለኝን ቃል
አጣሁት።

ባንዲራው ሥር ቆመን ቀረን፣
እሱና
እኔ።