ክዳኑ ላይ የተጻፈው

ትንሽ ናት፣ ቀይ ናት፣ የሚጥሚጣ ፍሬ፤
ዕቁቤን አውጥቼ፣ ግማሹን ተበድሬ፣
ዓባይ በረሃን ወርጄ፣ ሽቅብ ተንደርድሬ፣
ባሕር ዳር ያስገባኋት በጥቅምት መባቻ።
ሁለት ጭስ መውጫ አላት፣ ለአንድ ሞተር ብቻ።
ሰፈርተኛው ሳቀ፦ «የቤት ኪራይ ሳይከፈል የስፖርት መኪና!»
ሳቁን ተቀበልሁት። እውነት ነውና።

የነዳጅ ክዳኗን ከፍቼ ሳያት
በጃፓን ፊደል የተለጠፈ ጽሑፍ አለባት።
ደላላው ያን ጊዜ «የጸሎት ነገር ነው፣ ከአደጋ ይጠብቃል» ብሎኝ ነበረ።
የእኅቴ ልጅ ስንሻው ስልኩን አስጠግቶ፣
«አክስቴ» አለኝ ቆይቶ፣
«ጸሎት አይደለም፤ ትእዛዝ ነው፦
‹ከምርጡ ቤንዚን በቀር እንዳታጠጪኝ› ነው የሚለው።»

ምርጥ!
ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት፣ ከማደያው ጀርባ፣
ባጃጅ በባጃጅ ላይ፣ የተደረደረ እንደ መቁጠሪያ፣
ሾፌሩ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ወንበሩን አድርጎ ማደሪያ፤
ከጣና የሚመጣው ነፋስ የእምቦጭ ሽታ ይዞ፣
ሰልፉ ይጎተታል፣ እንደ እርጥብ ገመድ ደንዝዞ።
ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተራዬ ደረሰ።
ቀጂዋ የዝና ናት፤ አብሮ አደጌ።
«ምርጡን ቅጂልኝ» አልኋት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
«ሁለት ዓይነት ነው ያለን፤ የአንዱ ስም ‹አለ›፣
የሁለተኛው ‹አለቀ›፤
የቱን ልቅዳልሽ?» አለች፤
ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ።

ከዘንባባው ጥላ ሥር፣ ከሰልፉ ወዲያ፣
ጃኬቱ ያበጠ ልጅ በዓይኑ ጠቀሰኝ።
«ሱፐር ነው» አለ፣ «ከማዶ የገባ፣ ንጹሕ ነው፤
ለእንዲህ ዓይነት መኪና የተፈጠረው እሱ ነው።»
ከብብቱ ሃይላንድ አወጣ፤ መልኩ የጠጅ፣
ዋጋው ግን የማር አይደለም፣ የንቡ ነው፤ ይነድፋል።
ገዛሁት። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤
የተጻፈ ትእዛዝ የምፈራ ሰው ነኝ፣ አልደብቅም።

አንለይ መካኒኩ ጠርሙሱን ዘቅዝቆ፣
ጠብታ በመዳፉ ይዞ፣ አሽትቶ፣ አንገቱን ነቅንቆ፣
«ግማሹ ላምባ ነው» አለኝ፣ «ኩራዝ ካለሽ አጠጪው።»
ከዚያም እንደ ልማዱ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣
ያልጠየቅሁትን ነገር ሊያስረዳኝ ፈለገ፦

«ምርጥ ሲሉሽ ብርቱ እንዳይመስልሽ፤
ጉልበት አይጨምርም፣ ማንም አያታልልሽ።
ምርጡ የሚታገሠው ነው።
ፒስተን ሲጫነው፣ ሲያጣብበው፣ ሲያግለው፣
ብልጭታዋ እስክትመጣ እንቢ ብሎ የሚቆየው።
ተራው ግን አይችልም፤ ሳይጠሩት ይነድዳል፤
ያኔ ሞተርሽ ከውስጡ፣ እንደ በር፣ ይንኳኳል።»

እውነቱን ነው። ቤዛዊት ዳገት ላይ
ሰምቼዋለሁ ያንን ኳ ኳ፣ እግሬን አብዝቼ ተጭኜ፤
ሰው የሚጠራኝ መስሎኝ፣ በመስኮት ዞሬ አይቼ።
አባቴም እንዲሁ ነበረ፣ ብልጭታ ሳይመጣ የሚነድ፤
ግማሽ ቃል ሳይጨረስ ጠረጴዛ የሚያንቀጠቅጥ በክንድ።
እኔም የእሱ ልጅ ነኝ።
አንለይ ይህን አያውቅም። የነገረኝ ስለ ቤንዚን ነው።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»
«ተራውን ቅጂ። ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሺ። እግርሽን አቅልዪ።
ይቺ ከተማ ሜዳ ናት፤ ሐይቁ እንኳ ተኝቶ ነው የሚውለው።
ብልጫውን ከሆዷ ካጣችው፣ ካንቺ እግር ይምጣላት።»
ገንዘብ አልተቀበለኝም፤ ላምባውን ግን ወሰደው።

አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር፣ በሠላሳ ፍጥነት፣
ብስክሌት ቀደመኝ፣ ባጃጅ ቀደመኝ፣ አህያም ለጥቂት።
ከዘጌ በኩል አንድ ታንኳ እንጨት ጭኖ ይመጣል፤
ቀዛፊው አይቸኩልም፤ እኩል እንሄዳለን።
አንድ ጎረምሳ ጮኸ፦ «ይቺ መኪና ለጌጥ ናት?»
ጫማዬ ውስጥ ጣቶቼ ተኮማተሩ፤
ብልጭታዋን ጠበቅኋት።
አልመጣችም። ወይ መጥታ አልፋ ይሆናል፤
የሐይቅ ዳር ነፋስ አንዳንዱን እሳት ሳይታይ ይወስደዋል።

ነገ ደግሞ ሌሊት ዐሥር ሰዓት፣ ሰልፍ አለ፤
‹አለ› የሚሉት ቤንዚን ካለ።