የጠፋበት ምክንያት

ከሽምብጥ ጫፍ ወዲያ፣ ደንገሉ ሲሳሳ፣
ክረምት ሐይቁ ወስዶ፣ በጥቅምት ሲረሳ
ለላም የሚተዋት
አንዲት መስክ አለች።

ደብተሬን በኪሴ፣ ችካሌን በብብቴ፣
ጭቃው ላይ ስድህ በማለዳ በሁለት ጉልበቴ፣
ባለታንኳው አንማው መቅዘፊያውን ገትቶ
«ምን ጠፋብህ?» ይላል ወደ እኔ ተጠግቶ።
«ገና አልጠፋም» እለዋለሁ፤
«እንዳይጠፋ ነው የምፈልገው።»

ቁመቷ ከስንዝር ጥቂት ነው የሚያልፈው፣
አበባዋን ቀትር መጥቶ ነው የሚያጥፈው።
ሐምራዊዋ ስስ ነው፣ ታጥቦ ታጥቦ እንደ ለቀቀ ቀሚስ፤
ሥሯ ግን ሌባ ነው፣
በጨለማ ሄዶ የጎረቤት ሣር ሥር በስቶ የሚልስ።
ስም አልነበራትም።
ሣር አጫጇ ባንችአምላክ «ተጠጊት» አለቻት፤
ለምን ስላት፣ «ራሷን አትችልማ!
ደግሞስ ማን ይችላል?»
ብላ ሳቀችና ማጭዷን አነሳች።

አንድ ዓመት ሞኝነት ይዞኝ፣
አንዷን ከነአፈሯ በጣሳ ቀድቼ፣
በረንዳዬ ላይ ጥላ አበጅቼ፣ ውኃ አጠጥቼ፣
በሦስተኛው ቀን ጠቆረች እንደ ነደደ ክብሪት።
ያኔ ነው የገባኝ።
እሷን ማዳን ማለት
የምትሰርቀውን ሣር ማዳን ነው አስቀድሞ፤
ሣሩን ማዳን ማለት
ረዥሙን ግጦ አጭሩን የሚተው የላም አፍ ነው ደግሞ።
ላሟ ብትበዛ ጥፋት፣ ላሟ ብትቀር ጥፋት፤
ሐይቁ ባይመጣ ጥፋት፣ መጥቶ ባይሄድ ጥፋት፤
የባንችአምላክ ማጭድ ከኅዳር ሚካኤል በፊት ቢያርፍባት ጥፋት።
እሷስ ቃል ሰጥታኛለች፤
ለሠርግ፣ ለድግስ ሣር ሲጠይቋት
«አልደረሰም» ትላለች፣ ወገቧ ድረስ ቆሞ።

የዘመቻው ቀን ግን
እምቦጭ ሊያወጣ አገሩ በሙሉ ውኃ ገብቶ፣
ሐምራዊ ያየውን ሁሉ ጎትቶ፣
ክምሩን መስኬ ላይ አራገፈው መጥቶ።
«እዚህ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።
አንድ ተማሪ ላቡን በክርኑ ጠርጎ
«ደሞ አረም ከአረም ይመረጣል?» አለኝ።
ከሃምሳ ሁለት አርባ አንድ ቀረ።

ደብተሬ ላይ አንድ ዓምድ አለ፤
«የጠፋበት ምክንያት» ይላል። ከሥሩ፦
ላም። ጎርፍ። ክምር። ያልታወቀ።

አባቴ የቆላ ሰው ነው።
አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ይዞ እያመነመነ፣
ስንት ክረምት ነቀለ፣ ስንት ክረምት አቃጠለ፣ ስንት ክረምት ለመነ።
«ፍሬዋ ዱቄት ናት» ይል ነበር፤
«አንዴ ከወደቀች መሬትህ ዕዳ ነው፣ ልጅህ ይወርሰዋል።»
ወረስኩት።
ደሞዝ ተቆርጦልኝ
የአቀንጭራ ዘመድ ጠባቂ ሆኜ።

ዓይኑን ሊታከም ባሕር ዳር የመጣ ጊዜ
እጁን ይዤ መስኩ ዘንድ ወሰድኩት።
ተንበረከከ።
ዓይኑ ሳያይ እጁ አየ፤
አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ ከአንገቷ ዝቅ ብሎ፣
ሥሯ ሳይበጠስ፣
አርባ ዓመት በሠለጠነ እጅ
ንቅል።

ይብራ ጮኸች ከሐይቁ ላይ።
«ኧረ የኔ ነገር» አለ፤ «እጄ እኮ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»
መልሶ ሊተክላት አፈር ጫረ፣
እንደማይሆን ከእኔ ይልቅ እሱ እያወቀ።
ከዚያ በጣቱ ሲዳብስ
ታችኛው ግንዷ ላይ የደረቀ እንክብል መዳፉ ላይ ፈነዳ።
ዕድሜውን ሙሉ የፈራውን ዱቄት
ጨብጦ ወደ እኔ ዞረና
«የት ላድርገው?» አለኝ።
ሣሩን ገለጥ አደረግኩለት።
ጤፍ እንደሚዘራ ሰው
እጁን አንድ ጊዜ ወረወረ።

ማታ አርባ አንዱን ሰርዤ አርባ አልኩ።
ከላም፣ ከጎርፍ፣ ከክምር በታች
«አባቴ» ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ከቆላ ይደውላል።
ማሽላውስ ስለው፣ «ተወው፣ ዘንድሮም በልታዋለች» ይልና
ጎረቤት እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ያቺስ?
ስንት ሆነች?»