አንድ ዓምድ ሲጎድል

መዝገቤ ላይ ሦስት ዓምድ ነው ያለኝ፤
ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ።
ኪሎው፣ ቀኑ፣ የመረቡ ቁጥር፤
ከዚያ ፊርማዬ፤ ከዚያ የሚረሳ።

ይማም ከባሕር ዳር ወደብ የደንገል ታንኳውን አስጠግቶ
የሌሊቱን ሲሳይ እርጥብ ጣውላ ላይ ዘርግቶ፣
«ይቺ» አለኝ «ከንፈረ ወፍራሟ፣ ከድንጋይ ሥር ትግጣለች፤
ያቺ አፈ ሰፊዋ የገዛ ወንድሟን ትውጣለች፤
ይሄ ጀርባው የጎበጠ ጥልቁን እንጂ ዳሩን አይወድ፤
ይሄኛው ውኃው ሲደፈርስ ጉማራን ሽቅብ የሚነጉድ።
አንቺ ግን ሁሉንም ጻፍሽው ነጭ ዓሣ፣
እንደ አንድ እናት ልጅ፣ እንደ አንድ ሬሳ።»

ከጢስ ዓባይ ገደል በላይ በሩ የተዘጋ ቤት ነው፤
ከታች የሚወጣ እንግዳ የለም።
ልጆቹ ማዕድ ተከፋፍለው
አፋቸው ተለያየ።

ቢሮዬ ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ ተሰቅሏል፤
አማዞን ቀይ፣ ኮንጎ ቀይ፣ ሜኮንግ እንደ ፍም።
ከግርጌው በእርሳስ፦ «ዓሣ ብቻ።
የሌላው አልተጠናቀቀም።»
ለእንቁራሪት ሌላ ካርታ አለ፣ ለሸርጣንም ሌላ፤
ደራርቤ በመስኮቱ ብርሃን ባያቸው
ቀዩ ከቀዩ አይገጥምም፤
ይሄ ሲደምቅ ያ ይጠፋል፣
ተርብ የነገሠበት ረግረግ ዓሣ ሳያይ ዘመን ይገፋል።
የአንዱ ሙላት
ለሌላው ዋስ አይቆምም።

በዚያ ካርታ ላይ ጣና የምስር ፍሬ ያህላል።
ጣቴን ሳሳርፍበት
ይማምን ከነታንኳው፣
ጉማሬዋን ከነግልገሏ፣
ደሴቶቹን ከነደወላቸው
ሸፈንኳቸው።

በማግስቱ ይማም ከታንኳው ሆድ፣ ከረጠበው ደንገል መሃል
ጥፍር የማታክል ቀንድ አውጣ ነቅሎ
መዳፌ ላይ አኖረ።
«ይቺስ?»
አትበላም። አትሸጥም።
ሚዛኑ ላይ ባስቀምጣት መርፌው ንቅንቅ አላለም።
ዓምድ ፈለግሁላት፤ የለም።

ኅዳጉ ላይ፣ ከፊርማዬ ጎን፣
በእርሳስ ክብ ጀመርኩ፤
ክቡ ሳይዘጋ ወደ ውስጥ ዞረ፣
ደግሞ ዞረ፣
ነጥብ እስኪሆን።

አለቃዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
«ይሄ ዜሮ ነው?» አለኝ።

መዝገቡን ወደ እሱ አስጠጋሁለት።
ዜሮ ወደ ውስጥ አይዞርም።