የፈንግል ሪፖርት

ከቱሉ ዲምቱ በታች፣ አስፋልቱ አልቆ አቧራው ሲጀምር፣
ኮንዶሚኒየሙ ጀርባውን ሰጥቶ ለጤፉ መስመር፣
የቆርቆሮ ቢሮ አለን፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ማኅተም፣
አንዲት ጸሐፊ፣ እኔ፤ እንደ ማኅተሙ ደሞዝ የለኝም።

ሰጪዎቹ ባሕር ማዶ ናቸው፤ መልካቸውን አላየንም፣
ናኦል ከስልኩ ካልተረጎመልን ድምፃቸውን አንሰማም።
አንዷ ነርስ ናት አለን፣ አንዱ የአውቶቡስ ሹፌር፣
ማክሰኞ ማታ፣ ከሥራ ሲወጡ፣ በልጆች ወንበር
ጉልበታቸውን አጥፈው የሚቀመጡ፣
ለማያውቁት ሰው ከደሞዛቸው የሚያዋጡ።
«እድር ናቸዋ!» አለች ደብሪቱ፤ «እንደኛው፤
ልዩነቱ፣ ሰው ሳይሞት መድረሳቸው ነው።»

የመጀመሪያው ዓመት ብር ሁለት መቶ ጫጩት ሆነ፤
ለሃያ ሴት፣ አሥር አሥር፣ ተመጠነ።
ጉዲሴ አልጋዋን በብሎኬት አንስታ ከሥሩ አኖረቻቸው፣
ወለላ ነገ በሚከፍሉላት ዕዳ ስም አወጣችላቸው፤
አንዷን «ኪራይ»፣ አንዷን «ደብተር»፣
ቀዩዋን «የዓይን መነጽር»።

በጥቅምት ፈንግል ገባ።
አንገታቸውን አዙረው፣
ዕቃ ረስቶ እንደወጣ ሰው፣
ወደ ኋላ እያዩ ወደቁ።
በዘጠኝ ቀን መቶ ስድሳ አንድ አለቁ።
«ኪራይ»ን ከማሳው ዳር ቀበርናት፤
«ደብተር»ን ከጎኗ አደረግናት።

ሪፖርት ደረሰ። «ስንት ሰው ተጠቀመ?» ይላል ወረቀቱ።
ሊቀመንበራችን አቶ ቶሎሳ ወንበሯን ሳቡና አዘዙ በብርቱ፦
«‹በመልካም ሁኔታ ላይ ናቸው› በይ፤ ማን መጥቶ ሊቆጥር?
ሰጪ እኮ ቁስል ካየ፣ ይቀራል በዚያው አገር።»
ጉዲሴ ከበሩ ላይ ሆና «የኔዎቹ ሞተዋል» አለች፤
ሌላ አልጨመረች።

መብራት በጠፋበት ማታ፣ በስልኬ ብርሃን ጻፍኩ፦
«ክትባት አልጠየቅንም። እናንተም አልጠየቃችሁንም።
የተረፈው ሠላሳ ዘጠኝ ነው።»
ማኅተሙን ሁለቴ መታሁት፤
የመጀመሪያውን ገልብጬ ነበር።

ሁለት ወር ዝም። ሦስት። አራት።
አቶ ቶሎሳ ሰላምታዬን ቆረጡት፣ ልክ እንደ መብራት።

በሚያዝያ ናኦል ከታክሲ ዘሎ ወረደ፤ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ፦
«ለሰባት ቦታ ሰጥተን ነበር፤ ስድስቱ ‹መልካም› አሉን፤
የት እንደሳትን የነገራችሁን እናንተ ብቻ ናችሁ።
ደብዳቤያችሁን ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ አነበብን፤
አሥራ አንድ ነበርን፤ አርባ ሆንን።
ዘንድሮ እጥፍ ነው፤ ክትባቱም ይቀድማል፤ አንድ ጥያቄ ግን አለን፦
ከእናንተ ሌላ፣ ያልደረስንለት ማን አለ? ንገሩን።»

ቢሮው ጸጥ አለ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ዝም ካሉት ነበርኩ።
ከወንዙ ማዶ ጠጠር የሚፈልጡትን ሴቶች ሁላችን እናውቃለን፤
ስማቸውን የጠራ የለም፤
እጥፉ ለሁለት ሲከፈል ስንት እንደሚተርፈን እያሰላን።
በመጨረሻ ደብሪቱ ጉሮሮዋን ጠረገች፦
«ያው... እነዚያ ጠጠሮቹ...»

አሁን ጉዲሴ ሐሙስ ሐሙስ የበረዶ ሣጥኗን አዝላ ወንዙን ትሻገራለች፤
ማዶ «ዶክተር» ይሏታል፤ አታርማቸውም፣ ትስቃለች።
አቶ ቶሎሳም «እኔ ብዬ ነበር» ይላሉ፤ ምን እንዳሉ አንጠይቃቸውም።
ወለላ አዲሶቹን ጫጩቶች ገና ስም አላወጣችላቸውም፤
«መጀመሪያ ይከተቡ» ትላለች።