አቻ

ሎድ ከተማ፣ አውሮፕላን ጣሪያ ታክኮ በሚያልፍበት ሰፈር፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከመስተዋት ጀርባ ተቀምጬ ነበር፤
ትኬት ስቆርጥ።
የሰው ተስፋ በአምስት ሼቅል ስመነዝር፣ ስቆርጥ፣
ቀኑን እንደ ጥፍር ስቆርጥ።
ያማርኛ ነገር፣ ትኬትም ይቆረጣል፣ ተስፋም ይቆረጣል፤
እጄ ግን ሁለቱን ለይቶ ያውቃል።

ሰኞ ዕለት አለቃው መጣ፣ ክራባት የሌለው፣ ፈገግታ ብቻ፤
«ማሽኑ ረዳታችሁ ነው» አለን፣ «የማንም አይደለም አቻ።»
ሦስት ሳምንት ሰጠን። ሥራችን ምን ነበር?
ደንበኛውን ማሽኑ ፊት አቁሞ ማስተማር።
ጣት ይዞ ማሳየት፤ እዚህ ንካ፣ እዚህ ክፈል፣ እዚህ ጠብቅ፤
የራስን ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አፈሩን በትሕትና ማራቅ።

አባቴ ወገራ ላይ ብረት ቀጥቃጭ ነበር።
ቀን ማረሻ ያወጣላቸው፣ ማታ ቡዳ ይሉት ነበር፤
በዐይኑ ይበላል ተብሎ።
ባዶ ሆዱን ያድር ነበር፣ በበላተኛ ስም ተጠርቶ ውሎ።
አባዬ፣ ይህን ብረት ብታየው!
ግንባሩ ላይ አንድ ቀይ ዐይን፣ ሌሊትም የማይከድነው።
ሉድሚላን በላት፤ የሺሞንን አምስት ዓመት ጡረታ በላ፤
ክታብ ያንጠለጠለ የለም፤ ይሰለፉለታል፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ።

ማኅበራችን ከጸጉር ቤቱ በላይ ተሰበሰበ፤
ሳሚር በሦስት ቋንቋ ተሳደበ፣ በአንዱ አነበበ፦
ካሳ ይኖራል፣ ጠበቃ ይኖራል፣ ዳኛ ይኖራል፤
እስከዚያው ማንም በማሽን አያስተምርም፤ ያስተማረ ይሰረዛል።
እጅ አወጣሁ።
የእጄ ጥላ ግድግዳው ላይ ከእጄ ገዝፎ አየሁ።

ዓርብ ከሰዓት፣ የማኅበሩን ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣
አባ ባይህ በዘንጋቸው መጡ፤ «ትርንጎ» አሉኝ፣ በስሜ።
(ታሊ ያለኝ የትምህርት ቤት መዝገብ ነው።)
የእርሳቸው ውርርድ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሦስት ጨዋታ፣ ሦስቱም አቻ ነው።
«ለምን አቻ?» ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር፤
«አንዱ ተሸንፎ ቤቱ እንዲገባ አልከፍልም፤ ልጆች አሉት፣ ያያል ሰፈር።»

ማሽኑ ፊት ቆሙ። ዕብራይስጥ ጠየቃቸው፣ ዐረብኛ፣ ሩስኛ።
ጣታቸው አየር ላይ ቀረ፤
ዞር ብለው አዩኝ፣ እኔን፣ የእሳቸውን አማርኛ።
አምስት ርምጃ።
ሳሚር ስልክ ላይ ነበር። ሉድሚላ ግን አየች፣
ባለፈው ወር የተባረረችው፣
መፈክሩን ተደግፋ፤ ምንም አላለች።
«ማኅበር ነው፣ አባ» አልኩ፣ ወደ ጫማቸው።
«ማኅበር ከሆነማ አይፈርስም» አሉ፤ አምስቷን ሼቅል መሐረብ ውስጥ ቋጠሩ፤
ሄዱ፣ ትኬት ሳይቆርጡ፣ ተስፋም ሳይቆርጡ፣
በዘንጋቸው አስፋልቱን እየቆጠሩ።

ሰንበት ወጣች። ሦስት ኮከብ ቆጥሬ ቴሌቪዥን ከፈትኩ።
የቀን ጨዋታዎቹን ውጤት አነበቡ፦ አንደኛው አቻ። ሁለተኛው አቻ።
ተቀመጥኩ።
ሦስተኛው በቀጥታ፣ አንድ ለአንድ፣ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት «ይቅናዎ» ብዬ ትኬት የሰጠሁ ሴት፣
ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ፣ የላይኛው ጎረቤት እስኪነቃ፣
«አንዳችሁ አግቡ!» እላለሁ፣ «ማንም ይሁን፣ ብቻ አንዱ ይሸነፍ!»

ለሠራተኛ መወራረድ ክልክል ነው፤ ውሉ ላይ ሰፍሯል፣ ከፊርማዬ በላይ።
ዛሬ ማታ ግን አስያዝኩ፣ ያለኝን ሁሉ፣
በአባ ባይህ ላይ።